የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ግጥሚያ፦ የስልት ቅድመ ግምገማ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




አንድ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት የሚዘጋጀው ስሌት ድልድዩ በየትኛው ቀን እንደሚሰነጠቅ አይተነብይም። የስሌቱ ተግባር ሸክሙ በየት በኩል አልፎ ወደ መሬት እንደሚወርድ፣ ከአካላቱ መካከል ቀድሞ የሚጨነቀው የትኛው እንደሆነና ምን ቢጓደል አደጋ እንደሚከተል ማሳየት ነው። ስለ አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ አስቀድሞ የሚሰጥ ግምገማም ከዚህ የራቀ ዓላማ ሊኖረው አይገባም። «ማን ያሸንፋል?» የሚለው ጥያቄ የሠፈር ክርክርን ያደምቅ እንደሆነ ነው እንጂ ዕውቀት አይጨምርም፤ ኳስ ድቡልቡል ናትና ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ከተናጋሪው ስካርፍ ቀለም አያልፍም። ሊጠየቅ የሚገባው የእያንዳንዱ ቡድን ሐሳብ በምን ላይ እንደቆመና በምን ሁኔታ እንደሚፈርስ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከኢትዮጵያ ቡና ግጥሚያ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን አይገኝም። ሁለቱም የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው፤ ለረጅም ዘመን አንድ ስታዲየም ተካፍለው ተጫውተዋል፤ ደጋፊዎቻቸውም በአንድ ቤት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ አልፎ አልፎም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚውሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ስለ ኳስ ጨዋታ ያላቸው አስተሳሰብ እንደሚለያይ ተመልካቹ ከሜዳ ሳይወጣ ይረዳዋል።

ሁለቱ ቡድኖች

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ የአገሪቱ አንጋፋ ክለብ ነው። በተጫዋችነት ያገለገሉት ይድነቃቸው ተሰማ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል፤ መንግሥቱ ወርቁም ከዚሁ ክለብ ወጥቶ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ለአገሩ ካስገኙት አጥቂዎች አንዱ ሆኗል። ክለቡ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የውድድር ዘመናት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል። «ፈረሰኞቹ» በሚለው ቅጽል ስሙ የሚታወቀው ይህ ቡድን በተመልካች ዘንድ ያተረፈው ዝና በጉልበት፣ በክንፍ ጨዋታና ኳስን ፈጥኖ ወደ ተጋጣሚ ግብ በማድረስ ነው።

ኢትዮጵያ ቡና በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን «ቡና ገበያ» ይባል የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ደጋፊዎች ዛሬም አሉ። የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በ2003 ዓ.ም. አንሥቷል። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በአሠልጣኝ ካሳዬ አራጌ መሪነት ኳስን ከራሱ ግብ ጠባቂ እግር ጀምሮ በአጫጭር ቅብብል መሥርቶ በመጫወት ብዙ ውይይት ያስነሣ ሲሆን፣ አጥቂው አቡበከር ናስር በዚያ ዘመን 29 ግቦችን አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ይዟል። «ቡናማዎቹ» ሲነሡ በተመልካቹ አእምሮ የሚመጣው ይኸው የአጭር ቅብብል ጨዋታ ነው።

አሠልጣኝና ተጫዋች በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ይህ ግምገማ በግለሰቦች ስም ላይ ሳይሆን በሚናዎች ላይ የቆመ ነው። አንዱ ወገን ከኋላ መሥርቶ ለመውጣት፣ ሌላው ወገን ደግሞ ያንን አፍኖ ኳሱን ለመንጠቅ ወይም በረጅሙ አሻግሮ ለማጥቃት ሲነሣ ምን ይሆናል? ጥያቄው ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 30 ሜትሮች

ግጥሚያው በአመዛኙ የሚወሰነው በቡና ግብ ክልልና ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስዱት 30 ሜትሮች ውስጥ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት መቁጠር ብቻ ይበቃል።

ቡና ጨዋታውን ሲጀምር ግብ ጠባቂው፣ ሁለት የመሐል ተከላካዮች፣ ሁለት የመስመር ተከላካዮችና አንድ ተከላካይ አማካይ በድምሩ 6 ሰዎች በዚህ ክልል ይገኛሉ እንበል። የቀሩት 5 ተጫዋቾች ወደፊት ተሠማርተዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ከግብ ጠባቂው በቀር የሚያንቀሳቅሳቸው 10 ሰዎች አሉት። ከእነዚህ 4ቱን ለአፈና ቢልክ፣ ፊት 4 ለ 6 ይሆናል፤ ኋላ ግን 6 ለ 5 ስለሚሆን አንድ ትርፍ ሰው ይቀርለታል። 5 ቢልክ ፊት 5 ለ 6፣ ኋላ 5 ለ 5 ይሆናል። 6 ቢልክ ፊት እኩል ሆኖ ኋላ 4 ለ 5 ይጎድልበታል። ከዚህ እንደሚታየው ግብ ጠባቂው በእግሩ መጫወት እስከቻለ ድረስ መሥራቹ ቡድን አንድ ነጻ ሰው ሁልጊዜ አለው፤ ጥያቄው ያ ሰው የት እንደቆመና ኳሱ በጊዜ ይደርሰው እንደሆነ ብቻ ነው። አፋኙም ቡድን ትርፉን ሰው ሊያጠፋው አይችልም፤ የሚችለው ወደ ማይጎዳው ቦታ መግፋት ነው።

የጨዋታው ሕግም መሥራቹን አግዟል። እ.ኤ.አ. በ1992 ግብ ጠባቂው የራሱ ተጫዋች ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይነካ መከልከሉ የእግር ችሎታውን ግዴታ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የግብ ምት ሲመታ የቡድን ባልደረቦቹ ኳሱን በራሳቸው የቅጣት ክልል ውስጥ እንዲቀበሉ ተፈቀደ። በዚህ ለውጥ መሥራቹ ቡድን የሚሰፋበት ቦታ ጨመረ፤ አፋኙም ይበልጥ ርቆ እንዲሮጥ ተገደደ።

እንግዲህ ጊዜው ይሰላ። ለማስረዳት ያህል አንድ የመሐል ተከላካይ ወደ መስመር ተከላካዩ 20 ሜትር የሚሄድ የመሬት ኳስ ቢልክና የኳሱ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 12 ሜትር ቢሆን፣ ኳሱ ለመድረስ 1.7 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክንፍ ተጫዋች ከተቀባዩ 15 ሜትር ርቆ ቆሞ ኳሱ በተመታበት ቅጽበት በሰከንድ 7 ሜትር ቢሮጥ፣ የሚደርሰው በ2.1 ሰከንድ ነው። ለተቀባዩ የሚተርፈው 0.4 ሰከንድ፣ ይኸውም ኳሱን በአንድ ንክኪ አብርዶ ወይም በአንድ ምት አቀብሎ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ ነው። የቡና አጨዋወት በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ትርፍ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ሣሩ ረጅም፣ መሬቱም ጎርበጥባጣ ሆኖ የኳሱ አማካይ ፍጥነት ወደ 10 ሜትር በሰከንድ ዝቅ ይበል። ኳሱ በ2 ሰከንድ ይደርሳል፤ ትርፉ ወደ 0.1 ሰከንድ ይወርዳል። ኳሷ ተቀባዩ እግር ሥር ስትደርስ አንድ ጊዜ ከነጠረች ደግሞ ያም ትርፍ ይጠፋል። ተጫዋቹ አልተለወጠም፤ ስልቱ አልተለወጠም፤ ልምምዱም አልተጓደለም። የተለወጠው ሜዳው ብቻ ነው። ይህን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ይህን ሲያውቅ የሚመርጠው መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የመሐሉን በር ዘግቶ ኳሱን ወደ መስመር ማስገደድ ነው፤ በመስመር ላይ ያለ ተጫዋች በአንድ ወገኑ በነጭ መስመር የታጠረ በመሆኑ መውጫው በግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛው ከተከላካዮቹ አንዱን፣ ይኸውም በደካማ እግሩ ለመጫወት የሚገደደውን፣ ሆን ብሎ ነጻ ትቶ ኳሱ ወደ እርሱ እንዲሄድ ማድረግና ያኔ በአንድነት መዝመት ነው። ቡናም በበኩሉ ማርከሻ አለው። አማካዩ ወደ ኋላ ወርዶ ሦስተኛ የመሐል ተከላካይ ሲሆን የአፋኞቹ ስሌት ይዛባል፤ ከፊት ያለው አጥቂም ወደ መሐል ወርዶ ኳሱን ተቀብሎ በአንድ ንክኪ ሲያቀብል አምስት አፋኞች በአንድ ጊዜ ከጨዋታው ይወጣሉ።

ስልት ሲፈርስ

የከተማ ተቀናቃኞች ግጥሚያ ከሌላው ጨዋታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በሌላ ቀን የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራ ተከላካይ ሁለተኛውን ቅብብል በእርጋታ ይሞክራል። በዚህ ግጥሚያ ግን ከመጀመሪያው የኳስ መነጠቅ በኋላ በስታዲየሙ ግማሽ የሚነሣው ጩኸትና በሌላው ግማሽ የሚሰማው ማጉረምረም ተጫዋቹን ከስልቱ ያስወጣዋል። ግብ ጠባቂው ለማቀባበል የተዘጋጀውን ኳስ በድንጋጤ በረጅሙ ይመታል።

ጉዳቱ ኳሱ በረጅሙ በመመታቱ አይደለም፤ ረጅም ኳስ ራሱን የቻለ የተከበረ ስልት ነው። ጉዳቱ ቡድኑ ለአጭር ቅብብል እንደተሠማራ በረጅሙ መመታቱ ነው። ለአጭር ቅብብል የተከፈተ ቡድን ተከላካዮቹ በስፋት የተራራቁ፣ አማካዮቹም የተበተኑ ናቸው። ለረጅም ኳስ ግን ተጫዋቾቹ ተቀራርበው ተጨራርፋ የምትወድቀውን ሁለተኛ ኳስ መጠበቅ ነበረባቸው። በመሆኑም ስልቱን በመሐል የተወ ቡድን ከሁለቱም ስልቶች ድክመታቸውን ብቻ ይወርሳል። ለአንድ ዓይነት ሸክም የተነደፈ ምሰሶ ሌላ ዓይነት ሸክም ሲጫንበት የሚደርስበት ይኸው ነው።

ስለዚህ ቅዱስ ጊዮርጊስ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች በሙሉ ኃይሉ ቢያፍን የሚፈልገው ግብ ብቻ አይደለም፤ የቡና ተጫዋቾች በራሳቸው ስልት ላይ ያላቸውን እምነት ማናጋት ነው። ነገር ግን ይህ አፈና ዋጋ አለው። ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ በአፋኞቹ መካከል ያለው ርቀት መላላት ይጀምራል፤ 15 ሜትር የነበረው 18፣ 20 ሜትር ይሆናል፤ ለተቀባዩ የሚተርፈው ጊዜም ይጨምራል። እስከ 5 ተጫዋች መቀየር የሚፈቅደው ደንብ ለአፋኙ ቡድን ታላቅ እገዛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን የክንፍ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ የሚቀይር አሠልጣኝ አፈናውን እንደገና አደሰው ማለት ነው። ቡና እነዚያን 15 ደቂቃዎች ሳይቆጠርበትና ስልቱን ሳይጥል ካለፋቸው ግን ጨዋታው ቀስ በቀስ ወደ እርሱ ያዘነብላል።

አየሩና ከፍታው

የአዲስ አበባ ስታዲየም የሚገኝበት ሥፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 79 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በአዳማ፣ ወደ 1,620 ሜትር ገደማ፣ 85 በመቶ፤ በድሬዳዋ፣ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ፣ 89 በመቶ ይሆናል። የአካባቢው ሙቀት ቁጥሩን በጥቂቱ ዝቅ እንደሚያደርገው የታወቀ ነው።

ይህ ለስልት ምን ይፈይዳል? በበረራ ላይ ያለችን ኳስ የሚጎትታት የአየር ተቃውሞም ሆነ በመሽከርከሯ ምክንያት መንገዷን የሚያጎብጠው ኃይል ከአየሩ እፍጋት ጋር በቀጥታ ይመጣጠናሉ። ስለዚህ ፍጥነቷና ሽክርክሪቷ እኩል ሆኖ በአዲስ አበባ የተመታች ኳስ በድሬዳዋ ከተመታችው ይልቅ በአንድ አሥረኛ ያህል ባነሰ ኃይል ትጎብጣለች፤ ርቃም ትወድቃለች። ረጅም ኳስ ለሚጠቀም ቡድን ይህ ጥቅም አለው፤ ከተከላካዮች ጀርባ የሚወድቀው ኳስ ተከላካዩ ከገመተው ጥቂት ሜትሮች አልፎ ያርፋል። ተከላካዮቹን ወደ መሐል ሜዳ አስጠግቶ ለሚጫወት ቡድን ደግሞ ግብ ጠባቂው ከመስመሩ ወጥቶ መቆም ግድ ይሆንበታል። የማዕዘን ምትና የቅጣት ምት መችዎች ግን በአዲስ አበባ የሚጎብጥ ኳስ ሲመቱ ከልማዳቸው ያነሰ ጥምዘዛ መጠበቅ አለባቸው።

ግጥሚያው ወደ ቆላ ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል። ኳሷ ይበልጥ ትጎብጣለች፣ ቶሎም ትወድቃለች፤ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ይጨምራል፤ ነገር ግን ሙቀቱ አፈናውን ያደክማል። ሁለቱም የደጋ ቡድኖች በመሆናቸው ችግሩ የጋራ ነው፤ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ብዙ መሮጥ የሚጠይቀውን ስልት የመረጠው ወገን ነው።

ሦስተኛው ተጋጣሚ

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እርሱም መሬቱ ነው። ከ0.4 ወደ 0.1 ሰከንድ የወረደው ትርፍ የማን ጥፋት ነበር? የተከላካዩ አልነበረም፤ የአሠልጣኙም አልነበረም። ሜዳው በሁለቱ ቡድኖች መካከል ገለልተኛ ሆኖ የሚቆም ይመስላል እንጂ ገለልተኛ አይደለም። ጎርበጥባጣ ሜዳ ኳስን በአየር ለሚያሻግር ቡድን ይፈርዳል፤ ለጥ ያለ ሜዳ ደግሞ በመሬት ለሚያቀባብል ያደላል። ስለ «ኢትዮጵያዊ አጨዋወት» በየጊዜው የሚነሣው ክርክር፣ በአጭር ቅብብል እንጫወት ወይስ በጉልበት የሚለው ጥያቄ፣ በከፊል የሜዳ ጥያቄ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሕፃኑ በጠጠርና በጭቃ ላይ ያደገ ከሆነ ኳሱን በእግሩ ሥር ማቆየት አደጋ፣ ከራስ ማራቅ ደግሞ ጥበብ መሆኑን ገና በልጅነቱ ይማራል።

ይህ ጉዳይ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው። ጥሩ የሣር ሜዳ ማለት ከላይ የሚታየው አረንጓዴ ቀለም ማለት አይደለም። ከሥሩ የጠጠር ንጣፍና የውኃ መውረጃ ቱቦ፣ በላዩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ የሚያሳልፍ አሸዋማ አፈር፣ ከዚያም ከመሐል ወደ ዳር ከ1 በመቶ የማይበልጥ ተዳፋት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በክረምት ዝናብ የሚታወቅ ከተማ የውኃ መውረጃውን ቸል ካለ የዘራው ሣር ከዓመት አያልፍም። ለመለኪያውም ቢሆን ሳይንሱ የተሠራ ነው፤ ለሰው ሠራሽ ሣር ሜዳዎች የወጣው ከፍተኛው ዓለም አቀፍ ደረጃ ከ2 ሜትር ከፍታ የተለቀቀች ኳስ ከ60 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር እንድትነጥር ያዝዛል። አንድ ኳስ፣ አንድ ሜትርና አንድ ትጉ ሰው ካሉ የየትኛውም ሜዳ ጠባይ በግማሽ ቀን ተመዝግቦ ሊያድር ይችላል።

ቸልታው ያስከተለው ዋጋ በታሪክ ተጽፏል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በአዲስ አበባ፣ በገዛ ሕዝቧ ፊት ነበር። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ግን «ሜዳዋ» የነበረው በማላዊ የሚገኘው የሊሎንግዌ ስታዲየም ነው፤ በአገር ውስጥ የአህጉሩን ኮንፌዴሬሽን መመዘኛ የሚያሟላ ስታዲየም አልተገኘምና። የሁለቱ የመዲናይቱ ክለቦች ግጥሚያም ከዚህ ዕጣ አልተረፈም። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አንሥቶ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው መካሄድ በመጀመራቸው፣ በካታንጋና በሚስማር ተራ ይሰማ የነበረው ዝማሬ ወደ ሌሎች ከተሞች ስታዲየሞችና ወደ ቴሌቪዥን መስኮት ተሸጋገረ። አንዱ የከተማ ክፍል ከሌላው ጋር የሚጫወተው ጨዋታ ከከተማው ውጪ ሲደረግ ግጥሚያው ግማሽ አካሉን ያጣል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ ተመልካቹ አራት ነገሮችን ቢከታተል ጨዋታው ወዴት እንደሚሄድ ከውጤት ሰሌዳው ቀድሞ ይረዳል። አንደኛ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለአፈና 4 ሰው ይልካል ወይስ 5? ከዚህ ድፍረቱን ይለካል። ሁለተኛ፣ ቡና ከመጀመሪያው ስሕተቱ በኋላ የሚያደርገው ቀጣይ የግብ ምት አጭር ነው ወይስ ረጅም? ከዚህ እምነቱን ይመዝናል። ሦስተኛ፣ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ በአፋኞቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፍቷል ወይስ በቅያሪ ተጠብቋል? አራተኛ፣ ኳሷ በመሬት ላይ ስትሄድ ትንሸራተታለች ወይስ ትዘላለች?

ሦስቱን መልሶች የሚሰጡት አሠልጣኞቹና ተጫዋቾቹ ናቸው። ስሕተት ቢሠሩ በማግሥቱ ጋዜጣው ይወቅሳቸዋል፤ ደጋፊውም በስማቸው ጠርቶ ይቆጣቸዋል። ለአራተኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ግን ስሙ በማናቸውም የአሰላለፍ ዝርዝር ላይ የማይወጣ፣ ዳኛ ፊሽካ ከመንፋቱ ከወራት በፊት ሥራውን የጨረሰ ወይም ያልጨረሰ ባለሙያ ነው። ያ ባለሙያ ደግሞ የዚህ ማኅበር አባል ነው።